አልነሳ ያለች መኪና
ባትሪ ከመግዛታችን በፊት ምን እንጠይቅ?

ለማስተማር ተመድበን በቆየንበት ገጠር አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች። የመንደሩ ሰዎች በማኅበር ሆነው የሚጠቀሙባት መኪና ናት። እህል ወደ ገበያ ታደርሳለች፤ ዘርና ማዳበሪያ ታመጣለች፤ ሰው ሲታመም ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ትወስዳለች።

በነሐሴ ወር፣ አንድ ሌሊት፣ አንዲት እናት ምጥ ጠናባት። ሾፌሩ ተጠራ። መብራት አብርቶ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ «ቀጭ» አለችና ዝም አለች። ደግሞ አዞረ። አሁንም «ቀጭ» ብቻ።

«ባትሪው ሞቷል» አለ ሾፌሩ። ሁላችንም አመንን። መኪናዋን ገፋናት፤ ጭቃው ጎማዋን ስለያዘው መንደርደር አልቻለችም። በእጅ እየተዞረ የሚያስነሳት ብረት ደግሞ ቀደም ሲል ለድንጋይ መፈንቀያ ተወስዶ ጎብጧል። ቢቸግረን እናቲቱን በቃሬዛ ተሸክመን ተጓዝን። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነግቶ ነበር። እናቲቱ ተረፈች። ልጁ ግን አልተረፈም።

በሳምንቱ ማኅበሩ ከየቤቱ ገንዘብ አዋጥቶ አዲስ ባትሪ ገዛ። አሮጌው ባትሪ በርካሽ ለአንድ ባለሱቅ ተሸጠ። አዲሱ ሲታሰር መኪናዋ ባንድ ጊዜ ተነሳች። ሰው ሁሉ ተደሰተ። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እንደገና «ቀጭ» አለች።

ያን ጊዜ በመንገዱ ሲያልፍ የነበረ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ቆመልን። «መብራቱን አብሩ፤ ቁልፉን አዙሩ» እያለ ዓይኑን ከመብራቱ ላይ አልነቀለም። ቀጥሎ ኮፈኑን ከፈተ። ከባትሪው ተነሥቶ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰረውን ወፍራም ገመድ ተከትሎ ወደ ታች ወረደ። ገመዱ የታሰረበት ቦታ ዝጓል፤ ብሎኑም ላልቷል። መካኒኩ ፈታው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቀው፣ መልሶ አጠበቀው። መኪናዋ ተነሳች። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

«ታዲያ አዲሱ ባትሪ ሲገባ ለምን ተነሳች?» ብለን ጠየቅነው። «ባትሪውን ስታስገቡ ገመዱን ጎትታችሁታል። ሲጎተት የዛገው ብረት ትንሽ ተፋቀና ለጥቂት ቀን ተገናኘ። እናንተ ባትሪውን አመሰገናችሁ» አለን።

«ሞቷል» ያልነው አሮጌ ባትሪስ? የባለሱቁን ሬዲዮ ለብዙ ወራት ሲያስጮህ ሰማነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። ገንዘቡ ይቅር፤ ገንዘብ ይተካል። ያ ሌሊት ግን አይመለስም።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ሰውን ሁሉ መካኒክ ለማድረግ አይደለም። መኪና አልነሳ ስትል የምታሳየው ምልክት አለ። ፊደል እንደሚነበብ ሁሉ ምልክቱም ይነበባል። ያነበበ ሰው ችግሩ የት እንዳለ ቶሎ ይደርስበታል፤ ያላነበበ ግን በግምት ዕቃ ይገዛል።

መኪና እንዴት ይነሳል?

ዱሮ መኪና የሚነሳው በሰው ጉልበት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ የመጣችው መኪና እንደ ዘመኗ መኪኖች ሁሉ በእጅ ብረት እየተዞረች ነበር የምትነሳው። በኤሌክትሪክ የሚነሳ መኪና በአሜሪካ አገር በብዛት መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ከዚያ ወዲህ ያን ከባድ ሥራ ለኤሌክትሪክ አስረከብነው።

የእኛዋ መኪና ላንድሮቨር ሲሪስ ሦስት ትባላለች። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 በእንግሊዝ አገር ስትሠራ የነበረች ዓይነት ናት። የምትሄደው በቤንዚን ነው፤ ባትሪዋም 12 ቮልት ነው። በእርሷ ላይ የምንማረው ለሌሎች አሮጌ የቤንዚን መኪኖችም ይጠቅማል። መኪናን ለማስነሳት አራት ነገሮች ይተባበራሉ።

አንደኛ፣ ባትሪ። ባትሪ እንደ ጎተራ ነው። በውስጡ የእርሳስ ሰሌዳዎችና አሲድ የተቀላቀለበት ውሃ አሉ። በስድስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ስድስቱ ሲደመሩ 12 ይሆናሉ።

ሁለተኛ፣ ሞተሪኖ። ይህ ቁልፍ ሲዞር ትልቁን ሞተር የሚያሽከረክረው ትንሽ ሞተር ነው። ከጎተራው ሁሉ በላተኛው እርሱ ነው። አንድ የፊት መብራት 4 አምፔር ገደማ ሲበላ፣ ሞተሪኖው ከ100 አምፔር በላይ ይበላል። ስለዚህ ቁልፉን ይዞ ዝም ብሎ ማቆየት ጎተራውን ማራቆት ነው። ከ10 ሴኮንድ በላይ አይዞርም፤ ካልተነሳ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፎ እንደገና መሞከር ነው።

ሦስተኛ፣ ዲናሞ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በቺንጋ እየተሽከረከረ ጎተራውን መልሶ የሚሞላው ዲናሞው ነው።

አራተኛ፣ መንገዱ፤ ማለትም ገመዶቹ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ዞሮ መመለስ አለበት። ከባትሪው «+» ምልክት ካለበት ራስ ተነሥቶ በወፍራም ገመድ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። የሚመለሰው ግን በመኪናዋ ብረት በኩል ነው። ከብረቱ ወደ ባትሪው «−» ራስ የሚያደርሰውን ገመድ ሾፌሮች ማሳ ይሉታል። የእኛ መኪና በሽታ እዚህ ላይ ነበር። መሄጃው ደህና ነው፤ መመለሻው ተበላሽቷል።

ለመሆኑ መመለሻው ከተበላሸ መብራቱ እንዴት በራ? ጠባብ የገደል መንገድን እናስብ። አንድ ሰው ብቻውን ቢሆን ያልፋል። መቶ የተጫኑ አህዮች ባንድ ጊዜ እንለፍ ቢሉ ግን መንገዱ ይዘጋል። መብራት ጥቂት ስለሚበላ በዛገው ቦታ ሾልኮ ያልፋል። ሞተሪኖው ብዙ ሲጠይቅ ያው ቦታ አላሳልፍ ይላል።

አራቱ ምልክቶች

መኪና አልነሳ ስትል ከሁሉ አስቀድሞ ማርሹ ነፃ ይሁን፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። ቀጥሎ የፊት መብራቱን እናብራ። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ መብራቱን ይመልከት፤ ሌላው ቁልፉን ያዙር። ከዚያ ከሚከተሉት አራት ነገሮች አንዱ ይታያል።

1. መብራቱ ከመጀመሪያውም ደብዛዛ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ይብስበታል። ብዙውን ጊዜ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል የተደጋገመ ድምፅ ይሰማል። ይህ ጎተራው ባዶ መሆኑን ይናገራል።

2. መብራቱ ደማቅ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ግን ድርግም ይላል። ይህ መንገዱ መዘጋቱን ይናገራል። የባትሪው ራሶችና የማሳው ማሰሪያ ይታዩ። በዚያ ሌሊት መብራታችን ደማቅ ነበር፤ ቁልፉ በዞረ ቁጥርም ድርግም ይል ነበር። ሁላችንም አይተነዋል። ማናችንም አላነበብነውም።

3. መብራቱ ደማቅ ነው፤ ቁልፉ ሲዞርም እንደ ደመቀ ይቀራል፤ ሞተሪኖው ግን አይንቀሳቀስም። ይህ ትእዛዙ ለሞተሪኖው አለመድረሱን፣ ወይም ሞተሪኖው ራሱ መታመሙን ይናገራል። ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ቀጭን ገመድ ወልቆ እንደሆነ እንይ። ካልወለቀ የመካኒክ ሥራ ነው።

4. ሞተሩ እንደ ልብ ይዞራል፤ ግን አይነሳም። ይህ ከሆነ ባትሪውንና ሞተሪኖውን እንተዋቸው። ችግሩ ብልጭታ ወይም ቤንዚን ነው።

መንገዱ የተዘጋ እንደሆነ

በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ያ የአሲድ ዝገት ነው። በእጅ አይነካም፤ ዓይን ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው የ«−» ገመድ ነው፤ መጨረሻ የሚታሰረውም እርሱ ነው። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። «+» ቀድሞ ሲፈታ መፍቻው በስሕተት የመኪናዋን አካል ቢነካ እሳት ይተፋል።

ገመዶቹ ከተፈቱ በኋላ ዝገቱን መጋገሪያ ሶዳ በተቀላቀለበት ሙቅ ውሃ ማጠብ፣ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ መፈቅፈቅና ማድረቅ ነው። የሶዳው ውሃ ወደ ባትሪው ቀዳዳ መግባት የለበትም። ከታሰረ በኋላ ከላይ ቅባት ቢቀባ ዝገቱ ቶሎ አይመለስም።

የባትሪውን ራስ አጽድቶ መተው ግን አይበቃም። እያንዳንዱ ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። የማሳው ገመድ ሌላው ጫፍ ታች ከብረቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ጭቃና ውሃ ያገኘዋል። ሞተሩና ሻሲው የሚገናኙበትም ገመድ አለ፤ እርሱም ይታይ።

የታመመው ማሰሪያ የቱ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ አዙረን ከመለስን በኋላ በየማሰሪያው ላይ እጃችንን ቀስ ብለን እናስጠጋ። ከሌሎቹ የበለጠ የሞቀው ማሰሪያ ጥርጣሬ አለበት፤ ኤሌክትሪክ ማለፍ ሲቸግረው ቦታውን ያሞቀዋልና። ሁለተኛው ዘዴ ወፍራም ትርፍ ገመድ ማገናኘት ነው። አንዱን ጫፍ ከባትሪው «−» ራስ፣ ሌላውን ከባትሪው ራቅ ካለ ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ እናስር። መኪናዋ ከተነሳች ጥፋተኛው ማሳው ነው።

ጎተራው ባዶ የሆነ እንደሆነ

ባዶ ጎተራ ሲያጋጥመን ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። ማን በላው? ለምን አልተሞላም?

የቮልት መለኪያ ያለው ሰው በቀላሉ ያውቃል። መኪናዋ ለጥቂት ሰዓት ቆማ ስትለካ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው። ከ12 በታች ከሆነ ሊያልቅ ደርሷል። ሞተሩ ተነሥቶ በደንብ እየሠራ ሲለካ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ይደርሳል። ሞተሩ እየሠራ 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው እየሞላ አይደለም።

መለኪያ የሌለው ሰው ቺንጋውን ይመልከት፤ ሞተሩ ግን ጠፍቶ መሆን አለበት። ቺንጋው በመካከሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ጣት ያህል ቢገባ ደህና ነው። ከዚያ በላይ የሚዘናጋ ከሆነ እየተንሸራተተ ነው፤ ዲናሞውንም በሚገባ አያዞረውም። ከመሪው አጠገብ ያለችው ቀይ የባትሪ መብራትም ምስክር ናት። ቁልፍ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባት። ሞተሩ እየሠራ ካልጠፋች ባትሪው እየተሞላ አይደለም።

ዲናሞው ደህና ሆኖ ባትሪው አድሮ ባዶ የሚሆን ከሆነ፣ ሌሊት የሚሰርቅ አለ ማለት ነው። ሌባውን ለመያዝ ቁልፉንና መብራቱን ሁሉ እናጥፋ። የ«−» ገመዱን እንፍታ። ከዚያ ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል ወስደን አንዱን ሽቦ ከተፈታው ገመድ፣ ሌላውን ከባትሪው «−» ራስ ጋር እናገናኝ። አምፖሉ ከበራ አንድ ነገር ኤሌክትሪክ እየበላ ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እንንቀል። አንዱ ሲነቀል አምፖሉ ከጠፋ ሌባው በዚያ ፊውዝ መስመር ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ደህና ከሆነ፣ ባትሪው ተሞልቶም በነጋታው ባዶ ከሆነ፣ ያን ጊዜ «ባትሪው አርጅቷል» ብንል ትክክል ነው። አዲስ መግዛት የሚገባውም ያን ጊዜ ነው።

ሞተሩ ዞሮ ካልተነሳ

በክረምት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እርጥበት ነው። ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ክዳን ዲስትሪቢዩተር ይባላል። ውስጡ ጤዛ ከያዘ ብልጭታው መንገዱን ይስታል። ቁልፉን አጥፍቶ ክዳኑን ከፍቶ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ወፍራሞቹን የካንዴላ ሽቦዎችም ማድረቅ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል።

ካልበቃ ብልጭታውን እንፈትን። አንድ ካንዴላ ፈትተን ከሽቦው ጋር እናያይዘውና ብረቱ የሞተሩን ብረት እንዲነካ እናስተኛው። በእጅ አይያዝም፤ ኃይለኛ ንዝረት አለው። የፈሰሰ ቤንዚን ባለበትም አይሞከርም። ቁልፉ ሲዞር ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ መስመሩ ደህና ነው፤ ፊታችንን ወደ ቤንዚኑ እናዙር። ብልጭታ ከሌለ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትከፈተውንና የምትዘጋውን ፑንቲና እንይ። ከተቃጠለች ትጠረግ ወይም ትለወጥ። በላንድሮቨራችን ስትከፈት ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ቦቢናው ይቀጥላል።

ጥንቃቄ

ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ በባትሪ አጠገብ ክብሪት አይጫርም፤ ሲጃራ አይጨስም፤ ኩራዝ አይጠጋም። የባትሪው ውሃ ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው። የምንጭ ወይም የወንዝ ውሃ በውስጡ ጨው ስላለው ሰሌዳዎቹን ይጎዳል። አሲድ ቆዳን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ። ዓይን ከገባ ለረጅም ጊዜ በንጹሕ ውሃ እያጠቡ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ያረጀ ባትሪ በውስጡ መርዛማ እርሳስ ስላለው በሜዳ ወይም በወንዝ ዳር አይጣልም፤ ልጆችም አይጫወቱበት።

ከሌላ መኪና ኤሌክትሪክ ስንበደር ደግሞ አስቀድመን ቮልቱን እንጠይቅ። ብዙ የጭነት መኪናዎች 24 ቮልት ናቸው። ከ12 ቮልት መኪና ጋር ቢገናኙ ጉዳት ያደርሳሉ። ሁለቱም 12 ከሆኑ «+» ከ«+» ጋር ይታሰራል። ቀጥሎ ከደህናው ባትሪ «−» የተነሣው ገመድ በታመመችው መኪና ሞተር ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይታሰራል።

የዛሬ አዳዲስ መኪኖች ፑንቲና የላቸውም፤ ብዙ ሥራቸውን የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር ነው። ቢሆንም ባትሪና ማሳ አሁንም አላቸው። መብራት አብርቶ ቁልፍ ማዞር ለእነርሱም የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

በመጨረሻ

ያ ሾፌር በዚያ ክረምት ከእኛ ጋር ፊደል ሲቆጥር የነበረ ሰው ነው። መካኒኩ ከሄደ በኋላ አንድ ወረቀት ለመነን። በራሱ እጅ «መብራት። ድምፅ። ሙቀት።» ብሎ ጻፈበትና በኮፈኑ ውስጥ ለጠፈው። ከሥሩም ባትሪው ውሃ የተጨመረበትን ቀን፣ ማሳው የጸዳበትን ቀን ይጽፍ ጀመር። የእጅ ማስነሻውም ብረት ተቃንቶ ከመቀመጫው ሥር ተቀመጠ፤ ለድንጋይ መፈንቀያ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ «እሱስ አይሆንም፣ ወንድሜ» ይላል።

መኪና በኅብረት የገዛ ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ይኑረው። ሥራው በዝናብ ሌሊት የሚጀመር አይደለም። ቀን፣ በፀሐይ፣ ማንም ሳይታመም የሚሠራ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. መብራቱ ደማቅ ሆኖ ቁልፍ ሲዞር ድርግም ካለ ችግሩ የት ነው?
2. ማሳ ምንድን ነው? ሁለቱን ጫፎቹን አሳዩ።
3. አዲሱ ባትሪ ሲገባ መኪናዋ የተነሳችው ለምን ነበር?
4. ከጭነት መኪና ኤሌክትሪክ ከመበደራችን በፊት ምን እንጠይቃለን?
5. በአካባቢያችሁ ስላለ መኪና፣ ወፍጮ ወይም የውሃ ሞተር እንዲህ ያለ የመመርመሪያ ወረቀት ጻፉ።